እርማት፦ ፎርት ጂሰስን ቫስኮ ዳ ጋማ አላሠራውም
በኬንያ፣ በሞምባሳ ደሴት የሚገኘውን የፎርት ጂሰስ ምሽግ ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ አሠራው የሚለው አባባል በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ስለሆነ ሊታረም ይገባል። ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ ሲደርስ በጥላቻ ስለተቀበሉት ወደ ማሊንዲ አልፎ ሄዷል፤ በ1524 ደግሞ ሕንድ ውስጥ ሞቷል። ምሽጉ የተጀመረው ከሞተ ከ69 ዓመት በኋላ፣ በ1593 ሲሆን፣ ፖርቱጋሎችን ለዚህ ያነሣሣቸው በ1580ዎቹ የኦቶማን መርከቦች ወደዚያ ጠረፍ መመላለሳቸው ነው። ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነበር። ከላይ ሲታይ እጅና እግሩን ዘርግቶ በጀርባው የተንጋለለ ሰው የሚመስለው፣ በኮራል ድንጋይ የታነጸው ያ ድንቅ ግንብ የእርሱ ጥበብ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለመርከበኛው መሰጠቱ በእውነት ያሳዝነኛል።