ባትሪን ሳይለኩ «ሞቷል» ማለት ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ዛሬስ በቃኝ! መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩን የሚያቆይልኝ ባትሪ ቻርጅ አልቀበል አለ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሰካው፣ መብራቷ አልበራችም፣ «ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። አለቀ! ቮልት መለኪያው ቴስተር እኮ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ምናለ አንስቶ ቢለካው?

እንዲህ ባለ ባትሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኃይሉን የሚይዘው የሊቲየም አዮን ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት አካባቢ ነው። ወደ 2.5 ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ከባትሪው ጋር ያለው መከላከያ ሰርኪዩት ራሱ ይዘጋዋል። ያኔ ቻርጀሩ ባትሪ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። የተዘጋ ሁሉ የሞተ ነው እንዴ? ለዚሁ በተሠራ ቻርጀር በትንሽ ከረንት ቀስ ተብሎ 3 ቮልት አካባቢ ከደረሰ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው የሚሞላ ስንት ባትሪ አለ! ይህን ባለሙያ አያውቅም? ያውቃል! ግን ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ? አዲስ መሸጥ ይቀላል።

ካበጠ፣ ወይም ባዶውን ለወራት ተቀምጦ ከልክ በላይ ከወረደ እሺ፣ አይነካ። ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ሾርት ሊያደርግ፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ያኔ «አይሆንም» ቢለኝ አመሰግነዋለሁ። ግን ለክቶ ይንገረኝ! ቁጥሩን ያሳየኝ!

ሻጩስ ቢሆን? «ባዶውን አታስቀምጠው፣ ግማሽ ያህል ሞልተህ አኑረው» ለማለት አፉን ምን ያዘው? በዚህ ኑሮ ውድነት፣ ሊነሳ የሚችል ባትሪ ስንቱ ቤት ተጥሎ ይሆን? መለካት እኮ ሁለት ሽቦ ማስነካት ነው!