ይድረስ ለክቡር ቁጥር 4,812

ጉዳዩ፦ ከትከሻዬ ላይ ስለ መውረድ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህ ደህና ከተባለ። ይህን የምጽፍልዎት ቺካጎ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከተደራራቢ አልጋ ላይኛው ላይ ተንጋልዬ ነው። ቀና ካልኩ ጣሪያው ግንባሬን ይለኛል። ከታች ያለው ካፒቴን ያንኮራፋል።

የማያውቅዎት አንባቢ ካለ ላስተዋውቅዎት። እርስዎ የእኔ የሲኒዮሪቲ ቁጥር ነዎት። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ጋ የሚሠራ አብራሪ ስሙ ለእናቱ ነው፤ ለኩባንያው ቁጥር ነው። የትኛውን አውሮፕላን እንደማበር፣ በግራ ወንበር ካፒቴን ወይስ በቀኝ ረዳት እንደምሆን፣ ከየትኛው ከተማ እንደምነሳ፣ ልጄ ሻማ ስታጠፋ ቤት ልገኝ ወይስ ኦማሃ ልደር፣ ሁሉንም የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት። ጎበዝ ነው፣ ሰነፍ ነው የሚል ጥያቄ የለም። ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይመርጣል፤ የተረፈው ወደ ታች ይንጠባጠባል። በአንድ ቀን የተቀጠርን ከሆነስ? አንዳንዱ ጋ በዕድሜ ይለያል፣ አንዳንዱ ጋ በሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አሃዞች። የሰው ዕድል እዚያች አራት አሃዝ ላይ ተንጠልጥላ ትኖራለች።

ጥሎዎት መሄድም አይቻልም። 20 ዓመት የሠራ ካፒቴን ኩባንያ ቢቀይር፣ እዚያ ትናንት ከገባው ልጅ ኋላ ነው የሚሰለፈው። እርስዎና እኔ የተጋባነው በቁርባን ነው፤ መፋታት የለም።

ድሮ እኮ እንዲህ አልነበሩም፣ ጌታዬ። ድሮ 1,906 ነበሩ። ሽማግሌዎቹ 65 ሲሞላቸው ሕጉ ያወርዳቸዋል፣ እርስዎም በዚያው ልክ ከፍ ይላሉ። (በሰው የጡረታ ኬክ ላይ ጥርሳችን የማይከደነው ለምን ይመስልዎታል?) ቤዜ፣ ማለትም ሥራ የምጀምርበት ኤርፖርት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቴ በመኪና 35 ደቂቃ ነበር። ከዚያ ኩባንያዬ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተጋባ። ስሙን አልጠራም፤ ጡረታዬ ገና እጁ ላይ ናት።

ነገሩን ለአበሻ ማስረዳት ቀላል ነው። ሁለት እቁብ አስቡ። አንዱ 200 ሰው፣ አንዱ 80 ሰው፤ ሁለቱም ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ሁለቱ ዳኞች ተመካክረው "ከዛሬ ጀምሮ አንድ እቁብ ነን" አሉ። እሺ፣ ቀጣዩ የማን ተራ ነው? አንዱ "ከእናንተ በፊት ነው የጀመርነው" ይላል። ሌላው "የእናንተ እቁብ ሊፈርስ ሲል እኮ ነው የደረስንላችሁ" ይላል። ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌው ሲጨርስ የሁለቱም ወገን ጠላት ነው።

ከእኔ በፊትም ሰው አስለቅሰዋል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2001 ቲ.ደብሊው.ኤ. የሚባለውን አየር መንገድ ሲገዛ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከ2,300 ገደማ የቲ.ደብሊው.ኤ. አብራሪዎች ግማሽ ያህሉ በዝርዝሩ ጭራ ላይ ተቀጠሉ። በሙያው ቋንቋ "ስቴፕል ተደረጉ" ይባላል፤ እንደ ወረቀት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 11 መጣ፤ ቅነሳው የሚጀምረው ከታች ነውና እነሱ ወጡ። የቀድሞ ዋና ማዕከላቸው ሴንት ሉዊስ ላይ መጠጊያ የሚሆን ልዩ ጥበቃ ተሰጥቷቸው ነበር፤ በ2003 ኩባንያው የሴንት ሉዊስን በረራ ቆራርጦ ጣለው። የራሳቸውን የአብራሪዎች ማኅበር "አልተሟገተልንም" ብለው ከሰሱ፤ በ2011 ኒው ጀርሲ ላይ ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ፈረደላቸው፤ በ2014 በ53 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ከመነሻው 13 ዓመት በኋላ። ሁለት የሚዙሪ ሴናተሮች ማካስኪልና ቦንድም "ሲዋሃዱ ዝርዝሩ በፍትሐዊ መንገድ ይቀናበር፣ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ይፍረድ" የሚል ሕግ በ2007 አስወጡ።

"ፍትሐዊ" የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ።

ምክንያቱም በዚያው በ2007 ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት ጋ ገላጋይ ዳኛ ፈርዶ ነበር። ሁለቱ የተዋሃዱት በ2005 ነው። የምሥራቆቹ (ዩኤስ ኤርዌይስ) ዕድሜ ጠገብ ነበሩ፣ ነገር ግን ኩባንያቸው ከኪሳራ ፍርድ ቤት ወጥቶ የማያውቅ ይመስል ነበር። ምዕራቦቹ ወጣት ነበሩ፣ ሥራ ግን ነበራቸው። ዳኛው ጆርጅ ኒኮላው 517 የምሥራቅ ሰዎችን ከላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ በታች ያለውን ከሁለቱም ወገን በየድርሻው አሰባጠረ፤ ለጊዜው ከሥራ ተቀንሰው የነበሩትን የምሥራቅ ሰዎች ደግሞ ከሁሉም በታች አደረገ። ከ15 ዓመት በፊት የተቀጠረ ሰው ከተቀጠረ ወራት ከሆነው የምዕራብ ልጅ በታች ሆነ። ምሥራቆቹ ብዙ ነበሩና በ2008 ማኅበሩን በድምፅ ገልብጠው የራሳቸውን አቋቋሙ። ምዕራቦቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አውሮፕላኑ አንድ ቀለም፣ ኩባንያው አንድ ስም፣ አብራሪው ግን ሁለት አገር ነበር፤ የምሥራቅና የምዕራብ ሰው አንድ ኮክፒት ውስጥ አይቀመጥም። ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ሁለተኛ ጋብቻ ተጨምሮበት የመጨረሻው ዝርዝር የወጣው በ2016 ነው። በ11 ዓመት ውስጥ ልጅ ተወልዶ አምስተኛ ክፍል ይደርሳል።

የእኛም ተራ ሲደርስ በስብሰባው ላይ ከሁሉ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። "የቅጥር ቀን ይከበር! ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ!" እውነቱን ልንገርዎት? እንዲያ ያልኩት የእኛ ሰዎች ቀድመው የተቀጠሩ ስለነበሩ ነው። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ "ትርፉን ያመጣው ማን ነው?" ብሎ ጠረጴዛ የሚደበድበው ይኸው አፌ ነበር። ከወዲያ ማዶም እንደኔ ያለ አንድ ሰው በዚያች ሰዓት ጠረጴዛ ይደበድብ እንደነበር አልጠራጠርም። ለማንኛውም የተፈረደው በድርሻ ነው፤ እርስዎም 4,812 ሆነው ከች አሉ።

ከዚያ ቤዙ ተዘጋ። ሁለት ኩባንያ አንድ ሲሆን አንዱ ጎጆ መፍረሱ ያለ ነው፤ ዴልታ ኖርዝዌስትን በ2008 ጠቅልሎ በ2013 ሜምፊስን ተሰናበተ፤ ዩናይትድና ኮንቲኔንታል በ2010 ተዋህደው በ2014 ክሊቭላንድን ሸኙ። አገር ቤት ያለ አብራሪ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው አይገባውም። የእሱ ቤዝ ቦሌ ናት፤ ቦሌ ደግሞ ተዘግታበት አታውቅም። እኔ ግን ቁጥሬ ያደረሰኝ ቺካጎ ነው። ባለቤቴ ሥራ አላት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት አላቸው፣ የቤቱ ብድር 23 ዓመት ይቀረዋል። ስለዚህ ሰው ወደ ሥራው አውቶቡስ እንደሚሳፈር፣ እኔ አውሮፕላን እሳፈራለሁ። በነፃ ነው፣ ባዶ ወንበር ካለ። ከሌለ ኮክፒት ውስጥ ከአብራሪዎቹ ጀርባ ያለችው ታጣፊ ጃምፕ ሲት አለች። እሷም ከተያዘች ቆሞ ማየት ነው። የምመላለስበት ሰዓት ሥራ አይባልም፤ የራሴ ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 2009 ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው ያለቀበት በረራ ረዳት አብራሪ፣ ሌሊቱን ከሲያትል ተነስታ በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ ነበር ኒው ጀርሲ ሥራዋ የደረሰችው። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ማደሪያችን ክራሽ ፓድ ይባላል። ኒው ዮርክ ኪው ጋርደንስ የሚባለው ሰፈር ክራሽ ፓድ ከመብዛቱ የተነሳ "ክሩ ጋርደንስ" እያሉ ይቀልዱበታል። የእኛው ደግሞ 12 ሰው፣ አንድ ሻወር። ፍሪጁ ውስጥ ሁሉም በየዕቃው ላይ ስሙን ይለጥፋል። የእኔን ሽሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። አንዱ ግን አዋዜዬን ኬቻፕ መስሎት እንቁላሉ ላይ አፈሰሰው፤ ሁለት ቀን አላናገረኝም።

አንድ ጸጋ ብቻ ነበረችኝ። ፈረንጁ ሁሉ ዲሴምበር 25ን ለማረፍ ይጋደላል፤ እሷ ለእኔ ቢጤ አትደርስም። ጃንዋሪ 7ን ግን ማን ይፈልጋታል? ከታችም ሆኜ ገናን በየዓመቱ ቤቴ ዶሮ ወጤን እበላ ነበር። ከውህደቱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ገና ተከለከልኩ። ማን ወሰዳት ብዬ ብጠይቅ፣ ከወዲያኛው ኩባንያ የመጣ፣ ከእኔ ስድስት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ፣ በዝርዝሩ ግን 40 ቁጥር ከላዬ የተቀመጠ ሌላ አበሻ!

ባለፈው ሐሙስ ማታ ቺካጎ ኦሄር ኤርፖርት፣ የመሳፈሪያው በር ላይ ተገናኘን። ወደ ዋሽንግተን የመጨረሻው በረራ ነው፤ የቀረችው ጃምፕ ሲቷ ብቻ ናት። እኛ ጋ እሷም በቁጥር ነው የምትሰጠው። የበሩ ሠራተኛ የእሱን ስም ጠራች። ልጁ ዞር ብሎ ጥቁርና ነጭ የሆነ ጢሜን አየ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ።"

"የለም የለም፣ አንተ ግባ፤ የአንተ ነው።"

"እርስዎ ቆመው እኔ? አይሆንም! ይግቡ በሞቴ።"

"እኔን አፈር ስሆን ግባ! ልጆች ይጠብቁሃል።"

"እርስዎንም እኮ ይጠብቁዎታል፣ ጋሼ።"

ሻንጣውን ገፋሁለት፣ መለሰልኝ። ክንዱን ያዝኩት፣ ክንዴን ያዘኝ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈገግ ብላ አየችን፣ ከዚያ ሰዓቷን፣ ከዚያ እንደገና እኛን። በሩን ዘጋችው።

ወንበሯ ባዶዋን በረረች። እኔና ልጁ ቡና ገዝተን መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሂሳቡን እኔ ልክፈል ብሎ ተጣልቶኝ ከፈለ። በዚያው ሞቅ ባልንበት የመጪውን ገና ነገር አነሳሁበት።

"እሱን እንኳን አልችልም፣ ጋሼ" አለኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የእርስዎው

ግልባጭ፦ ለባለቤቴ። ዶሮው ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ሁለተኛውን አትግዢ።