ለሦስት ደቂቃ ጊታር ሦስት ዓመት

ዛሬ ካልተነፈስኩት የሚያፈነዳኝ ብሶት አለብኝ። የመብራትም የውሃም አይደለም፤ እሱስ ለሁላችንም በእኩል ነው የሚጠፋው። የኔን ራስ የሚያዞረኝ በሕይወት የሌለ አንድ የስፔን ጊታሪስት ነው። የምትስቁ አሁኑኑ ስቃችሁ ጨርሱልኝ።

ሰውየው ሳቢካስ ይባላል። የመዝገብ ስሙ አጉስቲን ካስቴዮን ካምፖስ ነው፣ በ1912 ፓምፕሎና ውስጥ የተወለደ ጂፕሲ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። እኔን የያዘኝ መጀመሪያ ጣቱ ሳይሆን ስሙ ነው። ልጅ ሆኖ ባቄላ ነፍሱ ነበር አሉ። በስፔንኛ ትንንሽ ባቄላዎች «ላስ አቢካስ» ናቸው፤ ቃሉ በልጅ አፍ ተጣብቆ «ሳቢካስ» ሆኖ ቀረ። እሸት ባቄላ እየፈለፈለ ያደገ የጎጃም ልጅ በባቄላ የተሰየመን ሰው እንዴት ብሎ ይተወዋል?

ድሮ ፍላሜንኮ በሚባለው የስፔን ሙዚቃ ውስጥ ጊታር የዘፋኝና የጨፋሪ አጃቢ ነበር። ጊታሪስቱ ራሞን ሞንቶያ በ1936 ፓሪስ ላይ ጊታርን ብቻውን ሸክላ ላይ አስቀድቶ መንገዱን ጠረገ፤ ሳቢካስ በዚያ መንገድ ዓለምን ዞረ። ያውም ኖታ ማንበብ ሳይችል። ኋላ በዓለም የገነነው ጊታሪስት ፓኮ ዴ ሉሲያ ጎረምሳ ሳለ ኒውዮርክ ላይ ሲያገኘው «የሰው አትጫወት፣ የራስህን ፍጠር» ብሎ የመከረው እሱ ነው። እንግዲህ የፓኮን ኋላ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከስደቱ ነው። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ሳቢካስ አገሩን ጥሎ ወጣ። ከጨፋሪዋ ከካርመን አማያ ጋር ደቡብ አሜሪካ፣ ሜክሲኮ፣ ሰሜን አሜሪካ እያለ ዞሮ ዞሮ ኒውዮርክ ከተመ፣ በ1990 እዚያው አረፈ። ሰው ሲሰደድ ሸክላውም ይሰደዳል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ለዴካም፣ ለኤሌክትራም፣ ለኤቢሲ ፓራማውንትም ለተባሉ ሸክላ አሳታሚዎች ተቀድቷል። አንድ ቤት ገብቶ «የሳቢካስን ሥራ ሁሉ ስጡኝ» የሚባልበት ቦታ የለም።

የአልበሞቹስ ይሁን፣ ተፈልጎ ይገኛል። ግን ሲገኝ ምን ይገኛል? ሦስት ሲዲ በሦስት ሽፋን ገዝቼ ቤት ስደርስ ሦስቱም አንድ ናቸው። አንዱ ላይ «ፋሩካ» (አንድ የፍላሜንኮ ስልት ነው) የተባለው ሌላው ላይ «የጨረቃ» ምናምን የሚል ስም ወጥቶለታል። ፋሩካ ብዬ ስከፍት ቡለሪያስ የሚባለው ሌላ ስልት የሚመጣበትም አለ። መቼ ተቀዳ? የት? ሁለተኛው ጊታር ማነው? አንድ መስመር ጽሑፍ የለም። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ግን አለች። ሁሌም አለች።

እኔ የምፈልገው እነዚያን አይደለም። በ1940ዎቹ፣ ከካርመን አማያ ጋር በሚዞርበት ጊዜ የተቀዱትን የጥንት ሸክላዎች ነው። አንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ያቺን ሦስት ደቂቃ ፍለጋ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ኢንተርኔት ላይ አለ የምትሉኝ አላችሁ። አዎ አለ! እሱ ነው ጉዱ። የድሮ ሸክላ በደቂቃ 78 ዙር ይባል እንጂ ሁሉም በልኩ 78 አልተቀዳም። የሚገለብጠው ሰው ፍጥነቱን ካላስተካከለ ድምፁ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ዘፋኝ ቢሆን ወዲያው ያስታውቃል፣ ሰውየው እንደ አይጥ ሲጮህ ትሰማለህ። ጊታር ግን ያታልላል። ፍላሜንኮዎች እኛ ካፖ የምንለውን፣ እነሱ ሴሂያ የሚሉትን ክር መጫኛ፣ የጊታሩ አንገት ላይ ያስሩና ድምፁን እንደፈለጉ ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሸክላው ፈጥኖ ዞሮ ድምፁ ግማሽ እርከን ሲወጣ «አሃ፣ ካፖውን አንድ ቤት ወደፊት አስሮት ነው» ብለህ ታልፋለህ። እኔም አለፍኩ። በጆሮዬ እየለቀምኩ አንዲት የፒካዶ (በሁለት ጣት እያፈራረቁ ክር የሚመቱበት) ሩጫ ለመያዝ ሁለት ወር ጣቴን ቀጠቀጥኩት። ማታ ማታ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ። ኋላ የዚያኑ ሸክላ ሌላ ግልባጭ አግኝቼ ሳስተያየው የኔው ግማሽ እርከን ከፍ ያለ ነው፤ ይህ ማለት 6 በመቶ ገደማ የፈጠነ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የተወዳደርኩት ከሳቢካስ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰነፍ ሞተር ጋር ነበር!

ደግሞ «አጽድቼ ለቀቅኩላችሁ» የሚሉ ደጋጎች አሉ። የሸክላውን ሽሽታ በሶፍትዌር ጠርገው ሲያበቁ ጥፍር ክር ሲመታ የምትሰማዋን ያቺን «ቋ» አብረው ይጠርጓታል። እሷ ከሌለች ምን ጊታር አለ? አቦሉን ስለምን በረካ ይቀዱልኛል።

እሺ፣ ዋናውን ሸክላ ልግዛው አልኩ። ከዚህ ሆኜ መክፈል አልቻልኩም፤ ሜሪላንድ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ለመንኳት። «አንድ ሸክላ ግዢልኝ» ስላት «ጀበና እዚያው አይሸጥም እንዴ?» አለችኝ። የዘፈን ሸክላ መሆኑን አስረድቼ ዋጋውን ስልክላት «አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም» አለችና ገዛችው፤ እግዜር ይስጣት። ሰው ሲመጣ ላከችው። የመጣው ሰው ከሦስት ጥንድ ጫማና ከአንድ ትልቅ የሕፃን ወተት ቆርቆሮ ሥር ቀብሮ አመጣው። የዚያ ዘመን ሸክላ እንደ ኋለኛው ፕላስቲክ አይተጣጠፍም፤ ደረቅ ነው፣ ስሙንም ያገኘው በከንቱ አይደለም። ስፔኖችስ ቢሆኑ «ፒሳራ»፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ አይደል የሚሉት? ፖስታውን ስከፍት አራት ቦታ ሆኗል። አምጪው «ምንም አልሆነም፣ በማስቲሽ ይያያዛል» አለኝ። ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት፤ ምን ልበል?

ከሁሉም የባሱብኝ ግን ደባቂዎቹ ናቸው። ጊታሪስቱ ራሱ መቀዳት ሲጠላ ይገባኛል። ሞሮን በምትባለው የስፔን ከተማ የኖረው ጊታሪስት ዲየጎ ዴል ጋስቶር በስሙ አንድ ሸክላ ሳያወጣ በ1973 ሞተ፤ ከሱ የቀረው ብዙው ለመማር የመጡ አሜሪካውያን ልጆች በክር ቴፕ የቀዱት ነው። እሱ የሰውየው ምርጫ ነበር፣ አከብራለሁ። ሳቢካስ ግን እንዲሰማ ብሎ ለገበያ የቀዳውን አንተ ቁም ሳጥን ውስጥ የምትቆልፈው ማን ስለሆንክ ነው?

አንድ አውሮፓ ያለ ሰብሳቢ አገኘሁ። የምፈልጋት ሸክላ አለችው፣ ያልተጫረች። 40 ሰከንድ ቆርጦ ላከልኝና ልክ ዜማው ሊታጠፍ ሲል ጥርቅም! ሙሉውን ስለምነው «በምላሹ ምን አለህ?» አለኝ። ገንዘብ አይፈልግም። አዲስ አበባ መሆኔን ሲሰማ ግን አነጋገሩ ሁሉ ተቀየረ፤ ለካ የኛን ትንንሽ ሸክላዎች አሳዳጅ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 የጀመረው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን ከነተራ ቁጥራቸው ይዘረዝርልኛል። አባቴ ትተውልን ያለፉ አሉ፣ ሳሎን ቡፌው ውስጥ። ሁለቱን ብልክለት የሳቢካስን ይሰጠኛል። ሸክላውን እንዳይመስላችሁ! ኮፒውን ነው፣ በኢሜይል። የኔን ዋና ወስዶ ግልባጭ ሊሸጥልኝ!

ተናድጄ ዘጋሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ግን ሌሊት ተነስቼ ቡፌውን ከፍቼ ነበር። እናቴ ከመኝታ ቤት ሆና «ምን ፈልገህ ነው?» አለችኝ። «ውሃ» አልኳት። «ውሃ ቡፌ ውስጥ ከመቼ ጀምሮ?» መልሼ ዘጋሁት።

40 ሰከንዷ ስልኬ ላይ አለች። ትናንት ታክሲ ውስጥ ስሰማት ልትታጠፍ የምትልበት ቦታ ላይ ስትቋረጥ ሳላስበው «ኤጭ!» ብዬ ጮህኩ፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ» አለ።

አሁን ሌላ ቅጂ ማድሪድ የሚሸጥ አግኝቻለሁ። እስቲ ከስፔን ሰው የሚመጣለት ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። አንዲት ሸክላ ብቻ ናት። በእጅ ሻንጣ፣ ልብስ መሃል። እባካችሁ ጫማ አይጫናት።