ማስተካከያ፦ የኤቮራ ጉዞ ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ስለ ደቡብ ፖርቱጋሉ የአሌንቴዦ የቡድን ጉዟችን በላክሁላችሁ መርሐ ግብር ላይ ስህተት አለ። የስፔኗ የድንበር ከተማ የባዳኾስና የፖርቱጋሏ የኤቮራ ሰዓት አንድ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ አይደለም። ድንበሩን ስንሻገር ፖርቱጋል ነው፤ ኤቮራም ዓመቱን ሙሉ ከባዳኾስ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ይህን ከሁለቱ አገሮች ሕጋዊ ሰዓትና አውቶቡስ ድርጅቱ በጽሑፍ ከሰጠን የጉዞ ሰሌዳ አመሳክሬያለሁ።

ሲኬድ ችግር የለም፤ አንድ ሰዓት እናተርፋለን። የሚያሳስበኝ መልሱ ነው። ከኤቮራ በ17፡00 ተነስተን ባዳኾስ የምንደርሰው እንደጻፍኩት በ18፡15 ሳይሆን በስፔን 19፡15 ነው (ሰዓቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለዚያ ምሽት ከ19፡15 በፊት የሚነሳ የባቡር ትኬት የቆረጣችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ቀይሩ።

ምሳችን 13፡00 የተባለው በፖርቱጋል ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓቱን በስፔን የተወ ሰው 14፡00 ያነባል፤ ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይቀየራል። በሰዓት መድኃኒት የምትወስዱ ይህን ልብ በሉ፤ ቁርስ ቢጤም ያዙ። አዲስ አበባ የምትደውሉም፣ በጥቅምት መጀመሪያ ኤቮራ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ሌላም አለ። በኤቮራ ያለውን የሮማውያን ቤተ መቅደስ «ለዲያና (ለሮማውያን የአደን እንስት አምላክ) የተሠራ» ብያለሁ። ስሙ በሕዝብ ዘንድ የቀረ የኋላ ዘመን መጠሪያ ነው፤ የታሪክ አጥኚዎች የሚያያይዙት ከሮማ ንጉሠ ነገሥት አምልኮ ጋር ነው።

ለተፈጠረው መደናገር ይቅርታ እጠይቃለሁ።