ጀልባችን ለምን እጥፍ ሆነች?

ባሕር ዳር ላይ አምስት ጓደኛሞች ሆነን የምንሠራው ነገር አለ። የጣናን እንቦጭ እየሰበሰበች ወደ ዳር የምታወጣ ትንሽ ጀልባ በኮምፒውተር ውስጥ ሠርተን፣ አንድ የኤአይ ኤጀንት (በራሱ እየወሰነ የሚሠራ ፕሮግራም) እንዲነዳት እያስተማርን ነው። እውነተኛ ጀልባ መግዣ የለንም። ለሲሙሌሽን ግን አንድ ደህና ላፕቶፕ ይበቃል፤ የጀልባዋን ቅርጽና ክብደት በፋይል ትጽፋለህ፣ ፋይሉን የሚጭን ሶፍትዌር ወደ ሲሙሌሽኑ ያስገባዋል፣ ከዚያ ኤጀንቱ እየሞከረ፣ እየተሳሳተ፣ ነጥብ እየሰበሰበ ይማራል።

ሦስት ሳምንት ተማረ። መብራት ሲጠፋ ካቆመበት እያስቀጠልን ሌሊት ሁሉ አሠራነው። ነጥቡም ጨመረ፣ ደስ አለን። ከዚያ አንዷ ጓደኛችን እስቲ ጀልባዋን ልለካት አለችና 2 ሜትር ብለን የጻፍናት ጀልባ 4 ሜትር ሆና አገኘቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙጆኮ በሚባለው የፊዚክስ ሲሙሌተር ፋይል ውስጥ የሳጥን መጠን የሚጻፈው ከመሃል እስከ ጫፍ፣ ማለትም ግማሹ ብቻ ነው። ሮቦት የሚሠሩ ሰዎች በሚጠቀሙበት በዩአርዲኤፍ ፋይል ደግሞ ሙሉው ርዝመት ይጻፋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሙጆኮም ይህንን በራሱ መመሪያ ላይ በግልጽ ጽፎታል። እኛ የወሰድነው ጫኝ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነበር። ከዩአርዲኤፍ ወደ ሙጆኮ ሲቀይር ቁጥሩን እንዳለ አሳለፈው። የጫኙ መመሪያ ምን ይላል ብለን ከፈትን። «የፋይሉን አድራሻ ስጠው፣ ይጭናል» ይላል። በቃ፣ ሌላ ቃል የለውም።

ብዙ ፕሮግራመር መመሪያ መጻፍን ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ አልስማማም፤ በተለይ ለኤጀንት ፋይል በሚጭን መሣሪያ ላይ በፍጹም አልስማማም። ሰው ቢሆን ስክሪኑን አይቶ «ይቺ ጀልባ አልገዘፈችም እንዴ?» ይላል። ኤጀንት አይጠይቅም። የተሰጠው ዓለም የተሳሳተ ይሁን የተስተካከለ አያውቅም፣ እውነት ነው ብሎ ይማርበታል፣ ጎበዝም ይሆንበታል። ኤረር ቢወጣ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እናቆም ነበር። ዝም ብሎ መሥራቱ ነው ሦስት ሳምንት የበላብን።

ማዕዘንም እንደዚያው ነው። የሙጆኮ የራሱ ፋይል ካልነገርከው በስተቀር ማዕዘንን በዲግሪ ያነባል፣ ዩአርዲኤፍ ግን ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው። 90 ዲግሪ ብለህ ያሰብከው በራዲያን ከተነበበ ከ14 ዙር በላይ ዞሮ ያላሰብከው ቦታ ላይ ይቆማል። ወደ ላይ የሚያመለክተው መስመር ደግሞ በሙጆኮ ዜድ ነው፣ ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ግን ዋይ ነው። እነዚህን ለመጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም እኮ!

የሶፍትዌሩ ስሪትም (ቨርዥኑ) ይጻፍ። ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጂም የሚባል የኤጀንት ማሠልጠኛ ሶፍትዌር፣ ኤጀንቱ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር 4 ነገር ይመልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 5 ሆነ፤ ሥራው በራሱ ሲያበቃና ጊዜ አልቆ ሲቋረጥ ተለይተው እንዲታወቁ ተብሎ ነው። ጥሩ ለውጥ ነው። በዚያው ዓመት ጂምን የተካው ጂምናዚየምም በዚሁ ሄደ። ግን ለየትኛው ስሪት እንደተጻፈ የማይናገር መመሪያ ይዞ የሚጀምር ልጅ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተደናቅፎ ይቀራል።

«ኢንተርኔት ላይ ፈልግ» የሚለኝ አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ እዚህ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት እንደቆየን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ጎጃም ውስጥ ቅኔ የሚማር ሰው ምሥጢሩ ቢጠፋበት መምህሩ እዚያው ናቸው፣ ተጠግቶ ይጠይቃል። የዚያን ጫኝ ጸሐፊ ግን የት አገኘዋለሁ? ስለዚህ መመሪያው ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ይውረድ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈት። እዚህ የምንሠራ ልጆች ደግሞ በአማርኛ እንጻፈው። ራዲያን ራዲያን ይባል፣ ችግር የለውም፤ ማብራሪያው ግን እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ሲሆን ጀማሪው ቶሎ ይገባዋል።

አሁን የራሳችንን ጫኝ ጽፈናል። ከኮዱ ጋር 6 ገጽ አማርኛ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የአንዲት ሳጥን ፋይል ነው፣ ከጎኑ ሲጫን ስንት ሜትር መሆን እንዳለበት ተጽፏል። መጠኑ ካልገጠመ ጫኙ ራሱ ያቆምና የትኛው መስመር እንደሆነ ይናገራል። ባለፈው ሳምንት በፍላሽ ለደብረ ማርቆስ አንድ ተማሪ ላክንለት። ማታ ደወለና «2 ሜትር ወጣልኝ» አለኝ።