ካርዱ ለቡፌ፣ ውስጡ ለቄስ

በአገራችን ሳሎን ውስጥ ከሁሉ የላቀ ክብር ያለው የቤት ዕቃ ቡፌ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ከዓመት እስከ ዓመት ከንፈር ሳይነካቸው የሚኖሩት ቤተሰቡ በፕላስቲክ ኩባያ መጠጣትን ስለ መረጠ ነው፤ እንግዳ በመጣ ጊዜም ቢሆን ይታያሉ እንጂ አይወርዱም። የዛሬ ልጆች ይህን የእናቶቻቸውን ጥበብ ጣሉት እየተባለ በየቤቱ የሚነገረው ግን ሐሜት ነው። ጥበቡ ከሳሎን ወደ ልጆች መኝታ ቤት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ ስሙም «ኮምፒውተር አፕግሬድ ማድረግ» ተብሏል። ገንዘቡ ባነሰ ቁጥር ጥበቡ እየጠራ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ላመሰግናቸው የተነሣሁት ኪሳቸው የሞላውን ሳይሆን፣ በስድስት ወር እቁብ የጌም ኮምፒውተራቸውን ለማሻሻል የቆረጡትን ወገኖቼን ነው።

የእነዚህ ወገኖች ሕግ አንድ አንቀጽ ብቻ ያለው በመሆኑ ለማጥናት አያስቸግርም፦ ያለህን ብር ሁሉ የጌሙን ምስል ለሚሠራው ለግራፊክስ ካርድ አውጣ፤ የቀረው ራሱ ይከተላል። አንዳንድ ልባቸው የደነደነ ሰዎች አንድ ብር ከማውጣታቸው በፊት ጌሙን ከፍተው፣ በጎን የየዕቃውን የሥራ ጫና የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን እያዩ፣ መቶ በመቶ ሞልቶ የሚያቃስተው አስሊው ፕሮሰሰር ነው፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው ራም ነው ወይስ ማከማቻው ሃርድ ዲስክ ብለው ይመረምራሉ። እንዲህ ያለው ምርመራ ነውር ነው። ኮምፒውተሩ ሕመሙን ራሱ ከተናገረ፣ መድኃኒቱ የአንድ ራም ዋጋ ብቻ ሆኖ ሊገኝና ባለቤቱ ካርድ የሚገዛበትን ምክንያት ሊያጣ ይችላልና። ደግሞም ከኮምፒውተር ዕቃዎች መካከል በካፌ ውስጥ ስሙ የሚጠራው ካርድ ብቻ ነው። «ካርድህ ስንት ነው?» ተባብለው የሚተዋወቁ ወጣቶች አይቻለሁ፤ «ፓወር ሰፕላይህ እንዴት ከረመ?» ብሎ ሰላምታ ያቀረበ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ገበያውም ቢሆን ለዚህ ልማድ የሚበጀውን አልነፈገም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ አዲስ ካርድ ከሱቅ መስታወት ውጭ ቆመው የሚሳለሙት ነገር ሆኗል። ወጣቱም ፊቱን ወዳገለገለው፣ በሻጮቹ አጠራር ወደ «ስላይትሊ ዩዝድ» አዞረ። «ስላይትሊ»፣ ማለትም «በጥቂቱ»፣ የምትለው ቃል ስንት ዓመት እንደምትሸከም ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ባቆመ ጊዜ፣ በልዩ ልዩ አገሮች መጋዘን ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ሌት ተቀን ይህን ገንዘብ ሲያመርቱ የኖሩ ካርዶች ሥራ ፈትተው ወደ ዓለም ገበያ ፈስሰዋል። ከእነዚህ ጡረተኞች አንዱ በእጁ የገባ ሻጭ «ጌም አልተጫወቱበትም» ብሎ ቢምል፣ መሐላው ንጹሕ ነው፤ በእርግጥም አንድም ቀን አልተጫወቱበትም።

ስምም ቢሆን የራሱ በረከት አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 580 የተባለው ካርድ 2,304 የስሌት አሃዶች ሲኖሩት፣ በሚቀጥለው ዓመት ለቻይና ገበያ የቀረበው ሞክሼው ግን 2,048 ብቻ ይዞ ብዙ ጊዜ በዚያው ስም ይሸጣል። ገዢው ልዩነቱን በአንድ ትንሽ ነጻ ፕሮግራም በደቂቃ ውስጥ ሊያረጋግጥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ባለ ስሙን ስሙን እየጠሩ ማክበር እንጂ ጣት እየቆጠሩ መፈተሽ የጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ወጣት ነው። ማሽኑ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ኮር አይ5 4460 ፕሮሰሰር፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ የተባለ አንድ ትንሽ ፈጣን ማከማቻ የያዘ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ቢሆንም ጤነኛ ነበር። እቁቡ በወጣለት ማግስት ከላይ የጠቀስሁትን አርኤክስ 580 ሊገዛ ሄደ፤ ብሩ ጥቂት ስለ ጎደለው ኤስኤስዲውን ፈትቶ ለሻጩ አስረከበና ሞላለት፣ ቤቱም ሲደርስ ከአልጋው ሥር አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ መለሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዊንዶውስ ተነሥቶ እስኪሠራ ድረስ አክስቴ አንድ ዙር ቡና ቆልታ ትወቅጣለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለው የተረቱት አባቶች ይህን ቢያዩ ኖሮ፣ ሴትዮዋ ተሳስታ እንዳልሆነ፣ በብብት ያለ ነገር ለእንግዳ ስለማይታይ አውቃ እንደ ጣለችው ይገባቸው ነበር።

አሁን ለዕቃዎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ ወደሚያድለው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ልምጣ፤ የዚህ ልማድ ጥልቀት የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት 185 ዋት ያህል ይፈልጋል። ዕቃዎቹን ሁሉ በሚያገናኘው ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ማስገቢያ መስጠት የሚችለው እስከ 75 ዋት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪው ከፓወር ሰፕላዩ በባለ 8 ፒን ገመድ በቀጥታ መምጣት አለበት። የአክስቴ ልጅ ፓወር ሰፕላይ ግን ከኮምፒውተሩ ሣጥን ከኬዙ ጋር በምርቃት የመጣ፣ የሠሪው ስም የማይታወቅና እንዲህ ያለ ገመድ የሌለው ነው። በእጄ ባነሣሁት ጊዜ ከአንድ ኪሎ ስኳር ቀለለብኝ፤ በጎኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ግን 500 ዋት ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ወረቀቱ 500 ዋቱን ጥርሱን ነክሶ ይዞታል፤ ወደ ገመዱ የሚያወርደው ዋት ስለመኖሩ ግን እኔም ወረቀቱም ልንምል አንችልም።

«ይህ ይበቃዋል ብለህ ነው?» አልሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ 500 ይላል እኮ!» አለኝ፣ በእርሱ ፈንታ አፍሬ እንድቀመጥ በሚያደርግ የዋህነት።

የጎደለውንም ገመድ ያለ ብዙ ወጪ ሞላው፤ ለሃርድ ዲስክ የሚሆኑ ሁለት ቀጫጭን ገመዶችን አጋብቶ ባለ 8 ፒን የሚያስመስል ማገናኛ ገዝቶ ሰካበት። በሳሎን ውስጥ ብርጭቆ በመስታወት ፊት ለፊት እንደሚደረደርና ምስሩ በጓዳ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ በኮምፒውተርም ዘንድ ፓወር ሰፕላይ ከኬዙ ሥር ተሸፍኖ የሚኖር ስለሆነ፣ ውስጡን ለቄስ ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው።

ካርዱ በተሰካበት ምሽት ግን ያልታሰበ ነገር ገጠመ። የቤቱ ሞኒተር አራት ማዕዘን የሆነ ባለ 17 ኢንች አሮጌ ሲሆን፣ የሚያውቀው መሰኪያ ሰማያዊውን ቪጂኤ ብቻ ነው። ካርዱ ደግሞ ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት እንጂ ቪጂኤ የሚባል ነገር በጀርባው የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ከካርዱ ከፍ ብሎ ማዘርቦርዱ ላይ ሰማያዊ ቀዳዳ አየ፣ ገመዱን አስጠጋው፣ ልክክ አለለት። መጀመሪያ ምስል አልመጣም፤ አንድ ወዳጁ በስልክ እየመራው ባዮስ በተባለው የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ በማዘርቦርዱ በኩል ያለውን መስመር ካስቀደመ በኋላ ግን ስክሪኑ በራ፣ ቤቱም በእልልታ ተሞላ።

የኮምፒውተር ነገር ለማይመለከታቸው አንባቢዎች ልግለጽ፦ ገመዱ በማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ጌሙን ወደ ስክሪኑ የሚያቀርበው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው፣ ድሮም የነበረው ደካማ ግራፊክስ ነው። ስድስት ወር እቁብ የተጣለለት ካርድ ከጎኑ ተቀምጦ ያያል።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት በዚያ ቤት የሆነውን ምስጋና ሁሉ መጻፍ አልችልም። የአክስቴ ልጅ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል እንደ ሆነ ለሰፈሩ ሁሉ መሰከረ። የእግር ኳስ ጌሙን ሁሉን ነገር ዝቅተኛው ላይ አድርጎ ሲጫወት አይቼ ለምን ብዬ ብጠይቀው «ካርዱን ላለማድከም ነው» አለኝ። ኬዙን ከፍቶ እያሳየኝም፣ ይህን ያህል ሲሠራ ውሎ እንኳ እንደማይሞቅ፣ ሁለቱ ማራገቢያዎቹም ገና ለመዞር እንዳላስፈለጋቸው በኩራት ነገረኝ። እኔም በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ካርድ አይቼ ስለማላውቅ ዝም አልሁ።

በዚያው ግቢ የሚከራይ አንድ ምስኪን ወጣት አለ፤ ነገሬን ከማስረዘሜ በፊት ስለ እርሱ ማዘን ይገባኛል። ተመሳሳይ ማሽን ያለው ይህ ሰው ግማሹን በማይሞላ ገንዘብ መጀመሪያ ኬዙን ከፍቶ የዓመታት አቧራ አራገፈ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ቀየረ፣ ያለውን ራም የሚመስል አንድ ሌላ ጨምሮ ሁለቱ ጎን ለጎን በድርብ መስመር እንዲሠሩ አደረገ፣ ኤስኤስዲም አስገባ። ከወራት በኋላ ያገኛትን ጥቂት ብር ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጂቲኤክስ 1650 ገዛባት፤ ይህ ካርድ አብዛኛው ዓይነቱ በማስገቢያው በኩል በሚመጣው 75 ዋት ብቻ የሚኖር ስለሆነ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም። ጌሙ ሳይንተባተብ ይጫወታል፣ ማሽኑም ቡናው ሳይቆላ ይነሣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር ምን አለው? አቧራ ማራገፉን ያሳያል? የራሙን ድርብ መስመር ግድግዳ ላይ ይሰቅላል? አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ካርዱን ሲጠይቀው «1650» ብሎ አንገቱን ሲደፋ አይቼ እንባዬ መጣ።

የምስጋናው ዘመን ያበቃው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሆነ የጎረቤት ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ ጌም ሊያይ መጥቶ ከኬዙ በስተኋላ ጎንበስ አለና፣ «ካርዱ እዚህ ሆኖ ገመዱ ለምን እዚያ ተሰካ?» ብሎ ጠየቀ። በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የማራገቢያ ድምፅ እንኳ አልተሰማም፤ ቀድሞም አይሰማም ነበር። በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ወደ መገናኛ ሄዶ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ መቀየሪያ ገዛ፣ ገመዱንም በሥርዓቱ ካርዱ ላይ ሰካው። የምሽቱን ጨዋታ እንዳያመልጠኝ እኔንም ጠራኝ።

እውነቱን ለመናገር ምስሉ ያምር ነበር። የሜዳው ሣር ለመጀመሪያ ጊዜ ሣር መሰለ፤ ተመልካቹ ከካርቶን ተቆርጦ የወጣ መምሰሉ ቀርቶ ፊት አበቀለ። ማራገቢያዎቹም ከሁለት ሳምንት እንቅልፋቸው ነቅተው መዞር ጀመሩ። ካርዱ በሕይወት ሳለ በዚያ ቤት የበላው የመጀመሪያ ምግቡ ይህ ነበርና 185 ዋቱን አቅርቡልኝ አለ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፣ ኳሱ ከመሃል ተነካ፣ ከኬዙ ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታም ክፍሉን ሞላው። አክስቴ ከጓዳ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለች። መብራቱ አለ። 500 የሚለው ወረቀትም እንዳለ አለ፤ ጫፉ እንኳ አልተነካም።

የአክስቴ ልጅ ግን በእምነቱ ጸንቷል፤ ችግሩ ያ ልጅ ገመዱን ማስነካካቱ እንጂ ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ያለ አንዳች እንከን ሲሠራ እንደ ነበር ያስረዳል። ካርዱ ይትረፍ አይትረፍ የሚሞከርበት ፓወር ሰፕላይ ስለሌለ እስካሁን አልታወቀም። በዚህ መካከል አቧራ እንዳይጠጣ ምን ይሻላል ሲባል፣ አክስቴ ቡፌውን ከፍታ ከብርጭቆዎቹ መካከል ቦታ አበጀችለት፣ በሥሩም የራሷን እጅ ሥራ ዳንቴል አነጠፈች። መስታወቱን ዘግታ ጥቂት ወደ ኋላ ራቅ ብላ ካየችው በኋላ፣ «ይኸው፣ አሁን ገና የወጣበት ብር ታየ» አለች።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ አዲስ እቁብ መግባቱን ነገረኝ። ለፓወር ሰፕላይ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝና እንኳን ደስ ያለህ አልሁት። «አይ ወንድም ጋሼ» አለኝ፤ «ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ስድስት ባለ ቀለም መብራት ማራገቢያ ያለው ኬዝ አይቻለሁ።»