አንዲት ፊደል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም በማይርቅ አንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ደራሲዎች ተሰብስበው ነበር። አንዷ ገጣሚ ናት። አንዱ አጭር ልብ ወለድ ይጽፋል። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የልጅነት ትዝታቸውን በመጽሐፍ አሳትመዋል። የሚወያዩት ስለ ማንነት፣ ስለ ትዝታና ስለ ፈጠራ ነው። እኔ ከለንደን ለእረፍት ነው የመጣሁት። ከወጣሁ 17 ዓመቴ ነው። እህቴ «ነይ፣ አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ትወጃለሽ» ብላ ይዛኝ ሄደች።

እንዲህ ያለ መድረክ ለንደን ላይ ብዙ አይቻለሁ። ትኬት ይቆረጣል። በሰዓቱ ይጀመራል፣ በሰዓቱ ያልቃል። አወያዩ መጽሐፎቹን አንብቦ ነው የሚመጣው፤ ይሄን ሁሌም አከብርላቸዋለሁ። ሁሉም ነገር ይቀረጻል። በመጨረሻ መጽሐፍ ለማስፈረም ሰልፍ ይያዛል። መልኩ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አንተ ራስህን ማን ነኝ ትላለህ?» ደራሲው ስለ ራሱ ይናገራል፣ እኛ እናዳምጣለን። ማንም ተነስቶ «የለም፣ እንዲያ አልነበረም» አይለውም። ትዝታው የግሉ ነው። ማን ይነካበታል?

ጥያቄው እዚያ አገር ለምን እንደሚከብድ የገባኝ በገጣሚው በለምን ሲሳይ ነው። ከኢትዮጵያዊት እናት በ1967 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተወለደ። ኖርማን የሚል ስም ተሰጥቶት መጀመሪያ በአሳዳጊ ቤተሰብ፣ ኋላም በሕፃናት ማሳደጊያ አደገ። እውነተኛ ስሙን ያወቀው የልደት ወረቀቱን ሲያይ ነው፤ ያኔ ጎረምሳ ሆኗል። ግጥም ጻፈ፣ ቴአትር ጻፈ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሕይወት ታሪኩን አወጣ። እንግሊዞቹ ስሙን ሲጠሩ እንግዳ ድምፅ ነው የሚሰሙት። እኔ ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር ጥያቄ ይሰማኛል። ለምን? እናት በልጇ ላይ ያኖረችው ጥያቄ። እንዲህ ያለ ሰው «ማን ነኝ» ብሎ አንድ ዕድሜ ሙሉ ቢጽፍ አይገርመኝም። ልጅ ሆኖ የሚነግረው ሰው አልነበረውም።

ወደ ጎንደር ልመለስ።

ውይይቱ ዘግይቶ ነው የተጀመረው። ወንበሩ አልበቃም፣ ወጣቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከፊት ነጠላቸውን የተከናነቡ እናቶች ተቀምጠዋል። መምህሩ ከመጽሐፋቸው አንድ ገጽ ማንበብ ጀመሩ። ገጹ ስለ አያታቸው ነው። አጎታቸው ሰው አገር ሄዶ እዚያው አረፈ። መርዶው የተነገረ ቀን አያታቸው ደረታቸውን እየመቱ ያወጡትን ሙሾ መምህሩ ልጅ ሆነው ሰምተዋል። እንዲህ ብለው አነበቡት፦

«በሰው አገር ሳለ መንገዱ ራቀብኝ፣
ዛሬ ልጄ ሞቶ ጨርሶ ቀረብኝ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሰው አገር የሚኖር ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። በዚህ መሃል ከፊት ከተቀመጡት እናቶች አንዷ እጃቸውን አነሱ። አወያዩ «እማማ፣ ጥያቄው በኋላ ነው» አላቸው። እሳቸው ግን ተነሥተው ቆሙ።

«ጥያቄ አይደለም ልጀ። እኔ እዚያ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። እትየ እንዲያ አላሉም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ምን አሉ እማማ?»

«ቀረብኝ አላሉም። ቀረበኝ ነው ያሉት። ልጃቸው ሰው አገር ሳለ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር። ሲሞት ጊዜ መጣላቸው። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ሲያናግሩት ነው የኖሩት። አንተ ልጅ ነበርክ፣ አትፈረድም።»

ብኝ እና በኝ። አንዲት ፊደል ናት። «ጨርሶ ቀረብኝ» ካልን ልጁ እንደወጣ ቀረ፣ እናት ተስፋ ቆረጠች። «ጨርሶ ቀረበኝ» ካልን ደግሞ ልጁ መጣ፣ አጠገቧ ሆነ፣ ከእንግዲህ ማንም አይወስድባትም። በለቅሶ ድምፅ መሃል ሁለቱን ለይቶ መስማት ለሕፃን ይከብዳል። መምህሩ ይቺን ፊደል ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሸክመዋት ኖረዋል። አያታቸው ተስፋ የቆረጡ ሴት መስለዋቸው ነው መጽሐፉን የጻፉት። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው የገዛ መጽሐፋቸው ላይ አረሙት። ሁላችንም ፊት። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ይህን ነገር ለንደን አይቼው አላውቅም። ካየሁት ጀምሮም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች ትዝታ አናጣም። እንዲያውም ይበዛብናል። የሚጎድለን የሚያርመን ሰው ነው። እኔ ለልጆቼ እዚሁ ጎንደር አራዳ ስላለው ቤታችን ስነግራቸው ሁልጊዜ ጓሮ ስላለው የኮክ ዛፍ አወራለሁ። በዚህ ጉዞ እህቴን ጠየቅኳት። «የምን ኮክ? ኮኩ የጎረቤት ነበር። እኛ አጥር ዘለን ነበር የምንለቅመው» አለችኝ። 17 ዓመት ሙሉ የሰው ዛፍ የእኛ ነው ስል ኖሬያለሁ። ማንም አላረመኝም፣ ምክንያቱም አጥሩን አብሮኝ የዘለለ ሰው አጠገቤ የለም። ያልታረመ ትዝታ እየቆየ ይደርቃል። እኛም የደረቀውን ይዘን «አገሬ እንዲህ ነበረች» እያልን እንከራከራለን፣ ከዚህ ካሉት ጋር ሳይቀር። የብዙ ጠባችን ሥር እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእረፍት በኋላ ስለ ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ተነሣ። ለንደን መጻሕፍት ቤት ስትገቡ ግጥም ለብቻው ነው፣ ልብ ወለድ ለብቻው፣ የሕይወት ታሪክ ለብቻው። እዚህ ገጣሚዋ የተናገረችው ነገር ደስ አለኝ። ግጥም የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአዝማሪ ነው። «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን የሚሰጠው አድማጩ ነው፣ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። ታዲያ ግጥሙ የማን ነው? የሁለቱም። አጭር ልብ ወለድ የሚጽፈው ወጣት ደግሞ «እኔ ማስረጃ የማላገኝለትን ትዝታ ነው ልብ ወለድ የማደርገው» አለ።

ልብ ወለድ የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. የታተመው አዲስ አበባ አይደለም፣ ጎንደርም አይደለም፣ ሮም ነው። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጣና ዳር ሰው ናቸው፣ የዘጌ። ያኔ ጣልያን አገር፣ ኔፕልስ፣ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። የመጽሐፉ ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ተባለ፣ እኛም ከዚያ ወዲህ ዘርፉን በዚያው ስም እንጠራዋለን። ከአገር የራቀ ሰው የሚያርመውና የሚመሰክርለት ሲያጣ ልቡ የወለደውን ይጽፋል። የእኔ ግምት ነው፣ ግን ቃሉን ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲያ ነው የምሰማው።

ቅኔ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለው የጉባኤ ቃና ቅኔም ይሁን ስምንት ቤት ያለው መወድስ፣ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ተማሪው የመምህሩን መንገድ ይይዛል፣ ቃሉን ግን በየዕለቱ አዲስ ማምጣት አለበት። ቅኔ ይዘረፋል እንላለን፤ ፈጠራ ማለት እዚህ እንዲያ ነው። የአባቶች ነገር ሳይጣል፣ እንዳለም ሳይደገም።

ግን የሚያመኝ ነገር አለ፣ ሳልናገረው አላልፍም። ያቺን ፊደል የሚያውቁት እናት ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ይመስለኛል። ያን ቀን ባይመጡስ? ቤታቸው ቢውሉስ? ለንደን ለአንድ ሰዓት ወሬ ሦስት ካሜራ ይቆማል። እዚህ ስንትና ስንት ሙሾ፣ ስንት ቀረርቶ፣ ስንት ቅኔ በተባለበት ቀን ይቀራል። መንገዱ ጠፍቶን አይደለም። መንግሥቱ ለማ ለንደን የተማሩ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቅኔ ሰው ናቸው። ልጅ ከአባት ፊት ተቀምጦ የሰማውን መዘገበ፣ የአለቃ ለማ ትዝታም በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ያ መጽሐፍ የማን ድርሰት ነው? የአባት ነው የልጅ? እኔ እንጃ፣ የተቀበል ነገር ነው። እዚያ አዳራሽ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ወጣቶች ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ መቅረጫ ስልክ አለ። አያቶቻቸውም ቤት አሉ።

ውይይቱ ሲያልቅ እኚያን እናት ፈለግኳቸው። ደጃፉ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ባጃጅ ይጠብቃሉ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ለንደን የለመድኩት ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር፤ ይህን ሁሉ እንዴት ያስታውሱታል ልላቸው። እሳቸው ቀደሙኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እጄን ያዙ።

«አባትሽ ጎረምሳ ሳለ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ስልኬን አወጣሁና «እማማ፣ ልቅረጽዎት?» አልኳቸው።

«ትቀርጭዋለሽ» አሉ፣ ባጃጁ ውስጥ እየገቡ። «መጀመሪያ ግን ቤት እንሂድና ቡና ይፈላ። ረጅም ነው።»

እህቴን በምልክት ጠራኋትና ከጎናቸው ገባሁ።